ለመሬት የተሰጠ አደራ

እ.ኤ.አ. በ1999 በስዊድን የጎትላንድ ደሴት፣ ስፒሊንግስ በሚባል የእርሻ ቦታ 67 ኪሎ ግራም ብር ከመሬት ወጣ። ከ14,000 በላይ ሳንቲሞች፣ ብዙ መቶ የእጅ አምባሮች፣ የተቆራረጠ ጥሬ ብር። ሳንቲሞቹ ከጥቂቶቹ በቀር የእስልምናው ዓለም ድርሃሞች ናቸው፤ በከሊፋዎች ግዛት ተመትተው፣ በቮልጋ ወንዝ ገበያዎች በባሪያና በአውሬ ቆዳ ተለውጠው፣ የአላህ ስም እንደተቀረጸባቸው ኦዲንንና ቶርን ከሚያመልኩ ሰዎች እጅ የገቡ። ከሁሉም ኋላ የተመታው ሳንቲም እ.ኤ.አ. የ870 ገደማ ነው። ብሩ የተቀበረውም ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ይሆናል። የተቀበረው በዱር ወይም በዋሻ አይደለም፤ በአንድ ቤት ወለል ሥር ነው። ከዚያ ወዲህ 1,100 ዓመት ያህል ሰው እላዩ ላይ ሲያርስና ሲያጭድ ኖረ።

በዚህች አንዲት ደሴት ብቻ ከ700 በላይ እንዲህ ያለ የብር ድልብ ተገኝቷል። ቫይኪንጎች ይህን ሁሉ ብር ለምን እንደቀበሩ ሊቃውንት ሲከራከሩ ኖረዋል። አንዱ ወገን ምክንያቱን በሃይማኖት ይፈልጋል። አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሰን በ13ኛው መቶ ዘመን እንደጻፈው፣ ኦዲን ለሰዎቹ በደነገገው ሕግ እያንዳንዱ ሰው አብሮት የተቃጠለውን ሀብትና በገዛ እጁ መሬት ውስጥ የቀበረውን በወዲያኛው ዓለም ያገኘዋል። ሌላው ወገን ፍርሃትን ያነሳል፤ ወራሪ ሲመጣ ሰው ሀብቱን ይደብቃል። ሦስተኛው ወገን ደግሞ ነገሩ የዘወትር ቁጠባ ነበር፣ ባንክ በሌለበት አገር መሬት ባንክ ነው ይላል።

እኔ የኦዲንን ሕግ ባከብረውም ለስፒሊንግስ አልጠራውም። ስኖሪ ክርስቲያን ነበር፤ የጻፈውም የቀድሞው አምልኮ ከጠፋ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ከዚህ በላይ ግን ቦታው ራሱ ይናገራል። ብሩን በወዲያኛው ዓለም ሊያገኘው የተመኘ ሰው ረግረግ ውስጥ ይጥለዋል፣ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ይሰድደዋል። ሌሊት ተነሥቶ ሊደርስበት ከሚችል ወለል ሥር ያስቀመጠው ሰው ግን በዚህኛው ዓለም ሊያወጣው አስቦ ነው። ሊያወጣው አስቦ ከቀበረ፣ መጠየቅ ያለብን ለምን እንደቀበረ ሳይሆን ለምን እንዳላወጣው ነው።

ይህ ጥያቄ ነገሩን ሁሉ ይለውጠዋል። ክፉ ቀን ሲመጣ ብሩን ቀብሮ፣ ክፉው ቀን ሲያልፍ ቆፍሮ ያወጣ ሰው ለታሪክ ምንም አልተወም። ጉድጓዱ ተደፍኗል፤ ብሩም ለበሬ፣ ለጥሎሽ፣ ለልጅ ሠርግ ወጥቶ በሰው እጅ ሲዞር ቀልጧል። ዛሬ በሙዚየም መስታወት ውስጥ የምናየው ድልብ ያልተመለሰ ሰው ድልብ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1642 የጀመረው የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የተቀበሩ ሳንቲሞች በብዛት ይገኛሉ። ይህ የሆነው ሕዝቡ ያኔ ከወትሮው አብልጦ ስለቀበረ ብቻ አይደለም፤ የቀበሩት ስላልተመለሱም ጭምር ነው። ከእኛ ባሕር ማዶ፣ በየመን ኤደን አጠገብ አል መዳሪባ በሚባል ስፍራ 1,194 የወርቅ ሳንቲሞች በአንድ ላይ ተገኝተዋል፤ ከእነሱ 326ቱ የአክሱም ነገሥታት ናቸው። ወርቁ ባሕሩን ተሻግሮ ሄደ፤ ባለቤቱ ግን ተመልሶ አላነሣውም። ስለዚህ ከመሬት የሚወጣ ብር የአገርን ብልጽግና ከሚነግረን ይልቅ የሰዎቹን ዕጣ ይነግረናል። ብዙ ድልብ የሚገኝበት ዘመን ብዙ ሰው ከቤቱ የቀረበት ዘመን ነው።

ይህን ሐሳብ ይዤ ወደ ሐረር ስመጣ፣ ከተማዋ ከጎትላንድ ገበሬ ጋር የምትነጋገር ይመስለኛል። ሐረር ብርን በሚገባ የምታውቅ ከተማ ናት። አሚሮቿ መሐለቅ የሚባል የራሳቸውን ገንዘብ ያስመቱ ነበር፤ በ1847 ዓ.ም ዐሥር ቀን ያህል በከተማዋ የቆየው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን ስለ መሐለቁ ጽፏል። ከመሐለቁ ጎን ደግሞ ጠገራው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ ብር፣ በዘይላ በኩል በግመል ይገባ ነበር። 28 ግራም የሚመዝን፣ የትም ይመታ መቼም ይመታ 1780 የሚል ዓመት ብቻ የሚይዝ ብር ነው። ተቀባዩ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ እያገላበጠ፣ ዕንቁዎቹን ሳይቀር ቆጥሮ ነበር የሚረከበው። ብር ሠሪዎች ይህንኑ ጠገራ አቅልጠው አምባርና የአንገት ጌጥ ያደርጉታል። ቫይኪንጎችም ድርሃሙን አቅልጠው አምባር ያደርጉት ነበር፤ ከክንድ ሲወልቅ ተመዝኖ መልሶ ገንዘብ ይሆናል። የሁለቱ አገር ሴቶች የሚያጌጡበት ብር በሚዛን የሚታወቅ ሀብት ነበር።

ክፉው ቀንም ሐረርን አልዘነጋትም። በ1868 ዓ.ም የግብፅ ጦር ገባ። በ1877 ዓ.ም ወጣ። አሚር አብዱላሂ ሥልጣን ያዙ፤ በአጭሩ የግዛት ዘመናቸውም ዋጋው የረከሰ ገንዘብ አውጥተው ሕዝቡን እንደጎዱ ይነገራል። በ1879 ዓ.ም ጨለንቆ ላይ በምኒልክ ጦር ተሸነፉ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ አራት አገዛዝ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ገንዘብ የራሱ ጠባይ አለው። የረከሰው ገንዘብ ገበያ ሲወጣ ጥሩው ገንዘብ ከገበያ ይሸሻል፤ ሰው የከሳውን ሳንቲም ለግዢ ያወጣል፣ ጠገራውን ያስቀራል። የት ያስቀረዋል? ቆፍሮ የቀበረ ሰው መዝገብ አይጽፍም። ነገር ግን ጠገራ እንደ እህል አይነቅዝም፣ እንደ ከብት አይሞትም፣ ሣር አይፈልግም፤ በሥልጣን ላይ ላለው ሰው ካልታየ ግብር አይጠየቅበትም። ሰው ለመሬት አደራ ሊሰጥ የሚችለው ነገር ቢኖር እሱ ነው።

በዚያው በጨለንቆ ዓመት ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ሐረር መጣ። ግጥም ትቶ ነጋዴ ከሆነ ቆይቷል፤ የመጣውም ለምኒልክ የሸጠውን ጠመንጃ ዋጋ ሊቀበል ነው። የከተማዋ አዲስ ገዥ ደጃዝማች መኮንን፣ የኋላው ራስ መኮንን፣ የሰጡት ጥሬ ብር ሳይሆን ምጽዋ ላይ የሚመነዘር የሐዋላ ወረቀት ነበር። ወረቀቱን መንዝሮ ካይሮ ሲደርስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1887 ለቤተሰቡ ደብዳቤ ጻፈ። ከ16,000 ፍራንክ በላይ ወርቅ በወገቡ ታጥቆ እንደሚዞር፣ ስምንት ኪሎ ያህል እንደሚመዝን፣ ጤናውንም እንዳቃወሰው ይናገራል። ይህ ደብዳቤ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ሰዎች ስለ ራምቦ ሲጽፉ ስግብግብነቱን ያነሳሉ። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ራምቦ የሚቆፍረው ወለል አልነበረውም። ቦታውን የሚነግረው ሚስት፣ ወንድም፣ ልጅ በአጠገቡ አልነበረውም። መሬትም ሰውም ሲያጣ ገላውን ጉድጓድ አደረገው። ከአራት ዓመት በኋላ እግሩን ታሞ በቃሬዛ ከሐረር ወጣ፤ በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ ሞተ።

በጁገል፣ በከተማዋ ግንብ ውስጥ ያሉት የሐረሪ ቤቶች ለሀብት ያላቸው አያያዝ ከዚህ የተለየ ነው። ጊዲር ጋር ወደሚባለው ዋና ክፍል ገብቶ ነደባው (መደቡ) ላይ የተቀመጠ እንግዳ የቤቱን ሀብት ከመቀመጫው ሳይነሣ ያየዋል። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሸፍኗል፤ እናት ለልጇ የሰፋችው፣ ሙሽራ ስትመጣ ያመጣችው፣ እያንዳንዱ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ በቤቱ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። ወለሉና ነደባው በቀይ የሚቀባው ጨለንቆ ላይ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይላሉ። ሐዘኑም ሳይቀር በግልጽ ተቀምጧል። የቤቱ ሰው ደግሞ አፎቻ አለው፤ ወንዶቹ በወንዶች፣ ሴቶቹ በሴቶች ተሰብስበው የሠርጉንም የለቅሶውንም ወጪና ድካም የሚጋሩበት ማኅበር። ለጎረቤቷ ልጅ ሠርግ የሠራች፣ ለጎረቤቷ ሐዘን የቆመች ሴት ሀብቷን ሰው ላይ አስቀምጣለች። ማንም ሌባ ሊቆፍረው አይችልም፤ እሷ ብትሞትም ለልጆቿ ይከፈላል።

ይህ ግን ያለ ጁገል አይሆንም ነበር። ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው፤ ኢማም አሕመድ ወድቀው፣ አገሩ በጦርነትና በረሀብ ሲታመስ፣ የቀረውን ሕዝብ ለመሰብሰብ። አምስት በሮች ያሉት፣ ዙሪያው ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የድንጋይ ግንብ ከተማውን ሁሉ እንደ አንድ ማድጋ አደረገው። በማድጋው ውስጥ ያለ ሰው እያንዳንዱን ሳህን መደበቅ አላስፈለገውም። የጎትላንድ ገበሬ ግንብ አልነበረውም፤ ባሕሩ በሁሉም በኩል ክፍት ነበር። ስለዚህ እሱ ቆፈረ፣ ሐረሪው ሰቀለ። የሁለቱን ልዩነት በጠባያቸው ማስረዳት ስህተት ይመስለኛል። ግንብ የሌለው ሰው ግንቡን ወደ ታች ይሠራል።

የሚታይ ሀብት የሚወሰድ ሀብትም እንደሆነ አውቃለሁ። በ1967 ዓ.ም ደርግ የካቲት ላይ የገጠሩን መሬት፣ ሐምሌ ላይ የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ፣ ከጁገል ውጭ እርሻ የነበራቸው የሐረር ቤተሰቦች ርስታቸውን ወለል ሥር ሊከቱት አልቻሉም። ብዙዎች ከዚያ በኋላ ተሰደዱ፤ ዛሬ በቶሮንቶ፣ በዋሽንግተንና በሜልበርን የሐረሪ ልጆች አሉ። ከተሰደዱት ጋር መሄድ የቻለው እናቶች የሚያጌጡበት ነበር፤ አምባርና የአንገት ጌጥ። በዚያን ጊዜ የጎትላንዱ ሰው ትክክል ነበር ሊባል ይችላል። ሆኖም መሬትና ቤት ከተወሰደ በኋላ የቀረውን ስናይ አፎቻ አለ፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ አለ፤ ለለቅሶ የሚመጣ ሰው አለ። ይህን አዋጅ ሊወርሰው አልቻለም።

ስለተቀበረ ብር ሁለት ታሪኮች አሉ፤ ጎን ለጎን ሳኖራቸው ልቤን ይነኩታል። የመጀመሪያው በአይስላንዳውያን ሳጋ (የጥንት ትረካ) ውስጥ ያለው የኤጊል ስካላግሪምሶን ነው። ኤጊል ጦረኛና ባለቅኔ ነበር፤ ከእንግሊዙ ንጉሥ ከአቴልስታን ሁለት ሣጥን ብር ተቀብሏል። አርጅቶ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ አንድ ምሽት ሁለት ባሮች አስከትሎ፣ ሣጥኖቹን አስጭኖ ከቤት ወጣ። ማለዳ ፈረሱን እየሳበ ብቻውን ተገኘ። ብሩን ቀብሯል፤ ቦታውን ያዩትን ሁለቱን ባሮች ገድሏል። ልጆቹም አላወቁ፣ አገሩም አላወቀ። በተከታዩ መጸው ታሞ ሞተ።

ሁለተኛው በየሳምንቱ ዓርብ በሐረር መስጊዶችና ቤቶች የሚነበበው የቁርኣኑ ሱረቱል ከህፍ ታሪክ ነው። ነቢዩ ሙሳና ጥበበኛው ኸድር ወደ አንዲት ከተማ ደረሱ። ሰዎቹ እንግዳ አንቀበልም አሏቸው። ኸድር ግን ሊወድቅ ያዘነበለ ግድግዳ አይቶ አቃናው። ሙሳ በነገሩ ቢደነቁ፣ ምክንያቱ በኋላ ተነገራቸው፤ ከግድግዳው ሥር የሁለት ወላጅ አልባ ልጆች ሀብት አለ፣ አባታቸው ደግ ሰው ነበር፣ ጌታህ ልጆቹ ጎልምሰው ሀብታቸውን እንዲያወጡ ፈቀደ። ይህን ታሪክ በግንብ በተከበበች ከተማ ውስጥ የሚሰማ ሰው ከሌላው አብልጦ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ያ አባት እንደ ስፒሊንግሱ ሰው ነበር፤ ቀበረ፣ ሳይመለስም ቀረ። ልዩነቱ የቀበረው ለሰው መሆኑ ነው። ግድግዳውን ያቃናውም የማያውቀው መንገደኛ ነው፤ ክፍያ አልጠየቀም፣ ሀብቱንም አልነካም፤ የሌላውን ሰው ምስጢር እስከ ቀኑ ጠበቀለት።

ከኤጊልና ከዚህ አባት መካከል የሰው ልጅ ሀብት የመቅበር ታሪክ ሁሉ አለ። ሁለቱም መሬትን አምነዋል። አንዱ ምስክሩን ገደለ፣ ሌላው ምስክር ባይኖረውም ወራሽ ነበረው። መሬት አደራ አትበላም። የምትሰጠው አካፋው በትክክለኛው ቦታ ላይ ላረፈ ሰው ነው እንጂ ልጁንና ሌባውን አትለይም። ይህን የሚለየው ቦታውን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ብቻ ነው። የጎትላንዱን 67 ኪሎ ያጠፋው ጉድጓዱ አልነበረም፤ የሚያውቀው ሰው ማለቁ ነው። ሁለተኛ ሰው ለማመን የማይደፍር ሰው ብሩን ከሌባ ቢያድነውም ከራሱ ልጆችም ቀብሮታል።

እኛም ብር ስንቀብር የኖርን ሕዝብ ነን። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም ሥራ ጀምሮ ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ቅርንጫፍ ሲከፍት እንኳ ብዙ ሰው ጠገራውን ወደ ባንክ አልወሰደም። ጣሊያን ሊራውን ይዞ ሲመጣ ጠገራው ይበልጥ ተሸሸገ። በሐምሌ 1937 ዓ.ም አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ሃምሳ ሳንቲሙ በእውነተኛ ብር የተመታ ነበርና ሕዝቡ እሱንም እየለቀመ አስቀረው። ያስቀረውን ሰው የሚወቅስ እንጂ የሚረዳ ብዙም አልነበረም። ግን ልብ በሉ፤ ማርያ ትሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተዋል፣ መንግሥታቸውም ፈርሷል፤ ብራቸው ግን ያለ እሳቸው ቃል ከመቶ ዓመት በላይ በገበያችን ሠርቷል። ቀባሪው የታመነው በብሩ ክብደት ነው፤ የማንንም ዙፋን ቀጥ ብሎ መቆም አልጠበቀም።

ወረቀት ግን ለመቀበር አልተፈጠረም። በ1969 ዓ.ም ደርግ የብር ኖቱን ለወጠ፤ በመስከረም 2013 ዓ.ም ዐሥሩ፣ ሃምሳውና መቶው ተቀይረው ሁለት መቶው ሲጨመር ሦስት ወር ተሰጠ። ከትራስና ከጣራ ሥር ያለው ያኔ ወጣ፣ ወይም ባለበት ከንቱ ሆነ። የተቀበረ ጠገራ ባለቤቱን ይጠብቃል። የተቀበረ ኖት የሚጠብቀው የመንግሥትን ቃል ነው፤ ቃሉም ቀነ ገደብ አለው። ለዚህም ይመስለኛል ዛሬም እናቶች ትንሽ ገንዘብ ሲተርፋቸው ወርቅ የሚገዙት፣ ወርቁንም ለልጃቸው ስም እየጠሩ የሚያስቀምጡት። ከኤጊል ይልቅ ወደ ግድግዳው አባት የቀረቡ ናቸው።

በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ሐርላ የሚባል መንደር አለ። በምሥራቁ አገር ጥንታዊ ፍርስራሽ በተገኘ ቁጥር የሐርላ ነው ይባላል፤ ሐርላዎች ግዙፎች ነበሩ፣ ሀብታሞች ነበሩ፣ በትዕቢታቸው ጠፉ፣ ወርቃቸው መሬት ውስጥ ቀረ ይባላል። ይህን የሰማ ሰው አካፋ ይዞ በሌሊት ይወጣል። ሌሊት ቆፋሪውን ድህነቱን አይቼ ልረዳው እችላለሁ፤ የሚሠራው ነገር ግን ያመኛል። አፈሩን ገልብጦ ሲሄድ ኤጊል በባሮቹ ላይ ያደረገውን በመሬቱ ላይ ያደርጋል፤ ብሩን ያየው ምስክር አፈሩ ነበርና።

ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሙያዎች ጋር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ እዚያ ሲቆፍሩ ነገሩን በብሩሽና በመዝገብ ሠሩት። ያንን ያህል ድንጋይ ያነሡት ግዙፎች አለመሆናቸው ከመቃብራቸው ታወቀ፤ ቁመታቸው እንደ እኛው ነው። የ12ኛው መቶ ዘመን መስጊድ ተገኘ። ከግብፅ የመጡ የ13ኛው መቶ ዘመን የብርና የነሐስ ሳንቲሞች፣ ከማልዲቭስ ዛጎል፣ ከማዳጋስካር፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች ተገኙ። ብርና ነሐስ፣ የከበረ ድንጋይና የብርጭቆ ዶቃ እየሠሩ የሚያጌጡበትን የሚያመርቱ ባለእጆችም በዚያ እንደነበሩ ታወቀ። የጎትላንድን ብር በአንድ ጫፍ ያወጣው የእስልምናው ዓለም ንግድ በሌላው ጫፍ እዚህ ይደርስ ነበር ማለት ነው። አንድ የግብፅ ሳንቲም በገበያ ዋጋው ጥቂት ነው፤ ከየትኛው ቤት ወለል ላይ፣ ከምን ዶቃ ጋር እንደተነሣ ሲታወቅ ግን የአንድ ብር ሠሪ ምድጃ የት እንደነበረ ይነግረናል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ማሳውን ሲያርስ ሳንቲም ያገኘ የሐርላ ገበሬ ሳንቲሙን ከማንሣቱ በፊት ቦታውን ምልክት አድርጎ ባለሙያዎቹን ቢጠራ፣ እዚያ የቀበረው ሰው ሳይመለስ የቀረበትን ምክንያት ለማወቅ ዛሬም ጊዜ አለን።